በቲዩብ ፔዳል የድሮውን የጊታር ድምፅ ማምጣት፦ ለአንድ ጥያቄ ረዘም ያለ መልስ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል (ኦቨርድራይቭ ፔዳል ማለት በእግር የሚረገጥ፣ የጊታሩን ድምፅ ሆን ብሎ የሚያሻክር ሳጥን ነው፣ ጌይን ደግሞ የማሻከሩ መጠን ማዞሪያ)፦ "አጎቴ ከዋሽንግተን ሲመጣ ውስጡ አንድ 12ኤኤክስ7 ቲዩብ ያለበት ኦቨርድራይቭ ፔዳል አመጣልኝ። ጊታሬ የስትራት (የፌንደር ስትራቶካስተር) ኮፒ ነው። ቤት ትንሽ ትራንዚስተር አምፕ አለኝ፣ ስራ ላይ ግን ቀጥታ ሚክሰር ውስጥ ነው የምገባው። ያንን የስልሳዎቹን ድምፅ ፈልጌ ጌይኑን ሳዞረው ንብ ቀፎ ውስጥ የገባሁ ነው የሚመስለኝ። ጥፋቱ የቲዩቡ ይሆን? ልቀይረው? ትዝታም ብሉዝም እጫወታለሁ።"

ወንድሜ ቲዩቡን፣ ያንን ድምፅ የሚያጎላ የመስታወት አምፖል፣ ለጊዜው ተወው፣ እሱ ጋ መጨረሻ ላይ እንደርሳለን። ከጻፍከው ውስጥ እኔን ያስደነገጠችኝ "ከዋሽንግተን" የምትለዋ ነች። እዛ ግድግዳው 120 ቮልት ነው እኛ ጋ 220። ተራ ፔዳል ቢሆን ባትሪ ከተህበት ትገላገል ነበር፣ ቲዩብ ግን ውስጡ ማሞቂያ አለው፣ አንድ 12ኤኤክስ7 ለማሞቂያው ብቻ በ12.6 ቮልት 150 ሚሊአምፕ ወይም በ6.3 ቮልት 300 ሚሊአምፕ ይበላል፣ ያቺ ትንሿ የ9 ቮልት ባትሪ ይሄንን ብዙም አትችለውም። ለዛ ነው ቲዩብ ፔዳሎች የራሳቸው ከበድ ያለ አዳፕተር ይዘው የሚመጡት፣ አንዳንዶቹ እንደውም እንደ ቢኬ በትለር ቲዩብ ድራይቨር የመብራት ገመዱ ከራሱ ከፔዳሉ ወጥቶ ቀጥታ ግድግዳ ላይ ይሰካል። ያንተ እንደዚህ አይነቱ ከሆነና 120 ብቻ የሚል ከሆነ ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ሳትገዛ ሶኬት አጠገብ እንዳታደርሰው። አዳፕተር ካለው ገልብጠህ ጀርባውን አንብብ፣ ኢንፑት 100–240 ካለ ሰላም ነው፣ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃሃል። 120 ብቻ ካለ ግን እዚሁ ሌላ ስትፈልግ ቮልቱ እኩል ይሁን፣ ሚሊአምፑ ከተጻፈው ቢበልጥ ችግር የለውም ማነስ ግን የለበትም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚያወጣው ኤሲ ነው ዲሲ የሚለውን እይ። ብዙ ቲዩብ ፔዳል ኤሲ ነው የሚፈልገው፣ ሱቅ ሄደህ "12 ቮልት አዳፕተር" ስትል ደግሞ የሚሰጡህ ዲሲውን ነው። ሰካሁት አልሰራም፣ ወይ ድምፁ ቀጠነብኝ እያሉ ከሚያመጡልኝ ፔዳሎች ብዙዎቹ ጉዳያቸው ይሄ ነው፣ ቲዩባቸው ምንም አልሆነም።

እሺ አሁን ወደ ድምፁ። የስልሳዎቹ ስትል በኛ ነው በፈረንጅ? እየቀለድኩ አይደለም፣ መልሱ ይለያያል። በኛ ከሆነ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1967 መጨረሻ እስከ 1977 አካባቢ ማለት ነው፣ በዛን ሰዓት ፈዝም ዋዋም የሚባሉት ፔዳሎች ወጥተዋል (ማኤስትሮ ፈዝ ቶን በ1962፣ የቮክስ ዋዋ በ1967)፣ እሱ የሚቦጫጭር የፈዝ ድምፅ የትራንዚስተር ድምፅ ነው፣ በቲዩብ ፔዳል አመጣዋለሁ ብትል ትደክማለህ እንጂ አይመጣም፣ አንድ ርካሽ ፈዝ ግዛና ተገላገል። ብሉዝ ስላልክ ግን የፈረንጁን 50ዎቹና 60ዎቹ ነው የፈለገው ብዬ ልያዝ፣ የፌንደር ትዊድ፣ ቮክስ ኤሲ30፣ የመጀመሪያዎቹ ማርሻሎች የሚባሉትን አምፖች ድምፅ።

እነዚህ አምፖች ሲሰሩ ዲስቶርሽን (የተሰበረ፣ የሻከረ ድምፅ) እናውጣ ያለ ሰው አልነበረም፣ ሊዮ ፌንደር ራሱ የሚፈልገው ንጹህ ድምፅ ነበር። ግን ትዊድ ዴሉክስ የሚባለውን ውሰድ፣ ሁለት 6ቪ6 ቲዩብ ይዞ 12 ወይም 15 ዋት ቢሰጥህ ነው፣ ከድራም ጋር ለመሰማት ቮልዩሙን ጥግ ማስነካት ግድ ነው፣ ጥግ ሲነካ ደግሞ ሁሉም ነገር ባንዴ ይጨናነቃል፦ የመጀመሪያው ቲዩብ ትንሽ፣ የመጨረሻዎቹ ስፒከሩን የሚነዱት ፓወር ቲዩቦች ብዙ፣ ሬክቲፋየሩ (ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚቀይረው) ቮልቴጁ እየወረደበት፣ ስፒከሩም ራሱ እየታፈነ። ለንደን ውስጥ እነ ጂም ማርሻል በ1962 የሰሩት ጄቲኤም45 ደግሞ የፌንደር ቤዝማን ቅጂ ነው ማለት ይቻላል። ኤሪክ ክላፕተን በ1966 ከጆን ሜዮል ጋር ለቀዳው አልበም ሌስ ፖል ጊታሩን ማርሻል ኮምቦ (አምፑና ስፒከሩ አንድ ሳጥን የሆኑበት) ውስጥ ሰክቶ ስቱዲዮ ውስጥ መድረክ ላይ እንዳለ አስጩኾ ነው የተጫወተው፣ ኢንጂነሮቹ እንዲቀንስ ቢፈልጉም። ታዲያ ከዚህ የምትይዘው ምንድነው፣ ድሮ ድምፁ በአብዛኛው የሚሰበረው መጨረሻ አካባቢ ነው፣ ፓወር ቲዩቡና ስፒከሩ ጋ። ያንተ ፔዳል ግን ገና በሩ ላይ ነው የሚሰብረው። ጌይኑን ከፍተህ ሁሉንም ስራ እሱ ላይ ስትጭንበት ነው ንቡ የሚመጣው፣ ትንሽ ስራ ብቻ ስጠውና የቀረውን ከሱ በኋላ ያለው ይስራ።

ከሱ በኋላ ምን አለ? ቤት አምፕህ አለ፣ ስራ ላይ ግን ምንም የለም! ዋናው ችግርህ እዚህ ነው። የጊታር ስፒከር ማለት እኮ ማጣሪያ ነው፣ 12 ኢንቹ ስፒከር ከ5 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን በፍጥነት ይጥለዋል፣ ኦቨርድራይቭ ደግሞ ስራው አዲስ ሃርሞኒክ፣ ማለትም ከኖታው በላይ ያሉ ተጨማሪ ድምፆችን፣ መፍጠር ነው፣ እነዛ ሃርሞኒኮች እስከላይ ይሄዳሉ። በጊታር ስፒከር ሲያልፉ የላይኛው ጫፍ ይታጨድና ወፍራሙ ይቀራል። ሚክሰር ውስጥ ቀጥታ ስትገባ ግን የአዳራሹ ስፒከር ትዊተር (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣ ትንሽ ስፒከር) አለው፣ 15 ኪሎኸርዝ ምናምን ድረስ ምንም ሳያስቀር ያወጣዋል፣ ያ ነው ዝዝዝ የሚልብህ። 12ኤኤክስ7ቱን በወርቅ ብትለብጠው አይለወጥም። አምፕህን ይዘህ መሄድ ከቻልክ ይዘኸው ሂድና ፊቱ ላይ ማይክ አቁም፣ ኤስኤም57 የሚባለው ማይክ ከ1965 ጀምሮ ይሄንን ስራ ሲሰራ ኖሯል፣ ከስፒከሩ መሃል ትንሽ ወደ ጎን አድርገው ምክንያቱም ልክ መሃሉ በጣም ይጮሃል። አምፑ ትንሽ ነው ትራንዚስተር ነው ብለህ አትናቀው፣ ስፒከሩ የጊታር ስፒከር እስከሆነ ድረስ ማጣራቱን ይሰራልሃል። ይዞ መሄድ የማይቻል ከሆነ ከፔዳሉ በኋላ ካብ ሲሙሌተር፣ የጊታር ስፒከርን ማጣራት የሚያስመስል፣ ያስፈልግሃል፣ አይአር (የስፒከር ድምፅ ቅጂ የሆነ ፋይል) የሚጭኑ ትንንሽ ፔዳሎች አሉ፣ እንደውም ፔዳልህን ደህና አድርገህ እየው፣ አንዳንድ ቲዩብ ፔዳል ላይ ካብ ሲሙሌሽን ያለበት ሁለተኛ አውትፑት አለ፣ ባለቤቱ ሳያውቀው ዓመት ይኖራል። ይሄም የለም፣ ብርም የለም ካልክ ሳውንድማኑን ለምነው ባንተ ቻናል ላይ ግራፊክ ኢኳላይዘር ያስገባና ከ5 ኪሎኸርዝ በላይ ያሉትን ተንሸራታቾች በሙሉ መሬት ያስነካቸው። የሚክሰሩ የራሱ የሃይ ማዞሪያ ብቻውን አይበቃም፣ እሱ በብዛት 12 ኪሎኸርዝ አካባቢ ነው የሚሰራው፣ ዝዝታው ከሱ በታችም አለ።

ሰው ቲዩብ ካለበት ሞቅ ያለ ድምፅ ይመጣል ብሎ ያስባል፣ ሻጮቹም ይሄን ስለሚያውቁ መስኮት ይሰሩለታል፣ ከመስኮቱ ጀርባ ብርቱካናማ ነገር ይበራል። አንዳንዱ ላይ የሚበራው ቲዩቡ ሳይሆን ከስሩ የተደበቀ ኤልኢዲ ነው ብልህ ታምነኛለህ? 12ኤኤክስ7 አምፕ ውስጥ ሲሰራ ፕሌቱ (ውስጡ ያለው ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠው ብረት) ላይ 250 ቮልት አካባቢ ያገኛል፣ ብዙ ፔዳሎች ግን 12 ቮልት ምናምን ነው የሚሰጡት፣ ይሄንን ስታርቭድ ፕሌት ይሉታል፣ ቲዩቡ ይራባል ማለት ነው። ሌሎቹ ውስጣቸው ቮልቴጅ የሚያወጣ ሰርኪውት አላቸው፣ የብላክስታር ኤችቲ ፔዳሎች 300 ቮልት ድረስ ይሄዳሉ። ልዩነቱ ይሰማል? ይሰማል፣ የተራበው ቶሎ ይሰበራል፣ ሲሰበርም ለስለስ ብሎ እየተጨመቀ ነው፣ የጠገበው ሰፋ ያለ ቦታ ስላለው ጣትህን የበለጠ ይከተላል። ግን የተራበው ሁሉ ውሸት ነው የሚሉትን አትስማ፣ ቅድም ያነሳሁት ቲዩብ ድራይቨር በዝቅተኛ ቮልት ነው የሚሰራው፣ ፊቱ ላይም ቺፕ አለበት፣ ዴቪድ ጊልሞርና ኤሪክ ጆንሰን ናቸው የተጫወቱበት። በተቃራኒው ደግሞ ስሙ ቲዩብ ስክሪመር ሆኖ አንድም ቲዩብ የሌለበት ፔዳል አለ፣ አይባኔዝ፣ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የግማሹ ዓለም ብሉዝ የሚጫወተው በሱ ነው።

ቲዩብ የሚያመጣው ቁም ነገር ምን መሰለህ፣ ሞገዱን ከላይም ከታችም እኩል አይቆርጠውም፣ ባንዱ በኩል ቀድሞ ይለሰልሳል በሌላው ዘግይቶ፣ ይሄ አለመመጣጠን ሁለተኛውን ሃርሞኒክ ይጨምርልሃል፣ ማለትም የመታኸው ኖታ ኦክታቭ። ሰው "ሞቀ" የሚለው እሱን ነው። ይሄ ግን የሚሰማው ቲዩቡ ሊሰበር ጫፍ ላይ ሲሆን ነው፣ ጌይኑን ጥግ ስታደርሰው ሁለቱም ጎን ይቆረጥና ሞገዱ ካሬ ይሆናል፣ ያኔ ቲዩብም ሆነ የሁለት ብር ዳዮድ ልዩነቱ ይጠፋል። ስለዚህ ቲዩብ ገዝቶ ጌይን ጥግ ላይ ማስቀመጥ የከፈልክበትን መጣል ነው።

እና እንዲህ አድርግ። (ፈረንጆቹ ማዞሪያን በሰዓት ነው የሚናገሩት፣ የኛ ሰው ሲያነበው ግራ ስለሚጋባ ከ0 እስከ 10 ብለን እንቁጠር።) ፔዳሉን አብርተህ አንድ ደቂቃ ይሙቅ። አምፑ ንጹህ ቻናል ላይ፣ ቤዝ 4፣ ሚድ 7፣ ትሬብል 4። ፔዳሉ ላይ ጌይን 3፣ ሌቭል 7፣ ቶን 4። መጀመሪያ ስትሰማው "ይሄማ ምንም ዲስቶርሽን የለውም" ትላለህ፣ ቆይ፣ ጊታሩ ላይ ቮልዩሙን 10 አድርገህ በደንብ ምታው ከዛ ወደ 6 ዝቅ አድርገህ በስሱ ምታው። ሲመታ የሚነጫነጭ፣ ሲዳበስ የሚጸዳ ከሆነ ቦታው ደርሰሃል። ካልተነጫነጨ ጌይኑን በጣም በትንሹ እያወጣህ ፈልገው፣ ካልጸዳ ቀንስ። ከድሮዎቹ ተጫዋቾች የብዙዎቹ እግር ስር ምንም አልነበረም፣ ሪትምና ሶሎ የሚቀይሩት በጊታሩ ቮልዩም ነው፣ የኛ ልጆች ግን ጊታሩ ላይ ያሉት ማዞሪያዎች ለጌጥ ይመስሉናል፣ ሁልጊዜ 10 ላይ ናቸው። የጊታሩን ቶንም ሞክረው፣ ስትራት በተፈጥሮው ሹል ነው፣ የአንገቱን ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት የሚይዘውን) መርጠህ ቶኑን 5 ላይ ስታደርገው ትዊዱ አጠገብ ነህ።

ቮክሱን ከፈለግክ ግን መንገዱ ሌላ ነው። ብራያን ሜይም ሮሪ ጋላገርም ኤሲ30 ፊት ትሬብል ቡስተር (ቀጭኑን ድምፅ የሚያጎላ) ነበር የሚያስቀምጡት፣ የዳላስ ሬንጅማስተር ዘር ማለቴ ነው፣ አንዲት ጀርማኒየም ትራንዚስተር ብቻ ያለባት ሳጥን። የሷ ሚስጥር መግቢያው ላይ ያለችው 5 ናኖፋራድ የምትሆን ካፓሲተር ነች፣ ትንሽ ስለሆነች ቤዙን አታሳልፍም። ቤዝ ከመሰበሩ በፊት ሲቀነስ ኦቨርድራይቩ አይጨማለቅም፣ ከተሰበረ በኋላ መልሰህ ብትጨምረው ደግሞ ምንም አይሆንም። አብዛኞቹ ፔዳሎች ላይ ያለው የቤዝ ማዞሪያ ከመሰበሩ በኋላ ስለሆነ የተጨማለቀውን ነው የሚቀንሰው፣ ስለዚህ ኢኪው (ኢኳላይዘር) ፔዳል ካለህ ከቲዩቡ በፊት አስቀምጠህ ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን አውርድ፣ ከሌለህ የአንገቱን ፒክአፕ ከወፍራሞቹ ክሮች በኩል በብሎኑ ትንሽ ዝቅ አድርገው፣ ነጻ ነው። ለማርሻሉ ሃምበከር (ባለ ሁለት መጠቅለያ ፒክአፕ) ይሻላል፣ በስትራት ግን የድልድዩን ፒክአፕ ቶኑን ቀንሰህ ሚዱን 8 ብታደርሰው ሩቅ አይደለም፣ ጌይኑም እዚህ 5 ድረስ ቢሄድ ይፈቀድልሃል።

የሬክቲፋየሩን ነገር፣ ያ ጠንክረህ ስትመታ ድምፁ ሸብረክ ብሎ መልሶ የሚነሳውን፣ ፔዳል አያመጣውም። ኮምፕሬሰር (ጠንካራውን ድምፅ የሚጨምቅ ፔዳል) በጣም በቀላሉ ከፊቱ ብታደርግ ያስመስላል። ኤዲ ቫን ሄለን እንኳን ማርሻሉን በቫሪያክ (የመብራቱን ቮልት በማዞሪያ የሚቀይር ትራንስፎርመር) ቮልቴጁን አውርዶ ነበር የሚጫወተው፣ እኛ ሰፈር ማታ ማታ ያለ ቫሪያክ በነጻ ይወርዳል፣ ግን እንዳትደሰት፣ ማሞቂያው ሲቀዘቅዝ ቲዩቡ ይሰንፍና ድምፁ ይቀጥናል፣ ምሽት ላይ ፔዳሌ ተበላሸ የሚል ሰው ካለ መጀመሪያ ቮልቱን ይለካ።

ትዝታ ስላልክ አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄንን የፈረንጅ ቪዲዮ ላይ አታገኘውም። ኦቨርድራይቭ ሁለት ኖታ ባንዴ ሲሰጠው በመሃላቸው ያለውን ልዩነት ሶስተኛ ድምፅ አድርጎ ይፈጥራል። 200 እና 300 ኸርዝ፣ ማለትም ፊፍዝ፣ ብትመታ የሚፈጠረው 100 ነው፣ ከስሩ ኦክታቭ ስለሆነ ያምራል፣ ሮክ በፓወር ኮርድ የቆመው በዚህ ነው። 440 እና 466 ብትመታ ግን፣ ግማሽ ቶን ነው፣ የሚፈጠረው 26 ኸርዝ ነው፣ እሱ ኖታ አይደለም ማጉረምረም ነው። ሜጀር ትዝታ ውስጥ ግማሽ ቶን የለም፣ ስለዚህ ሁለት ክር እያጣመርክ ብትጫወተው ጌይን ይችላል፣ በጣም ያምራልም። አንቺሆዬ ላይ ግን ከዶ ብትነሳ ዶ እና ሬ ቤሞል፣ ፋ እና ሶል ቤሞል ጎን ለጎን ናቸው፣ አምባሰልም እንደዛው አለበት፣ ባቲም ሚ እና ፋ ያለበት አይነቱ። እዛ ላይ ፊተኛውን ክር ሳታፍን ቀጣዩን ከመታህ ይጨማለቅብሃል፣ ወይ አንድ አንድ ኖታ እያፈንክ ተጫወት ወይ የጊታሩን ቮልዩም 5 አድርስ። እኔ እንደውም አንቺሆዬን ትንሽ ማጉረምረሙን ትቼበት መስማት ደስ ይለኛል፣ እሱ የጆሮ ጉዳይ ነው።

ቲዩቡ ጋ ደረስን። ልቀይረው ካልክ ሌላ "የተሻለ" 12ኤኤክስ7 አትግዛ፣ በፔዳል ውስጥ በሁለት ደህና 12ኤኤክስ7 መሃል ያለው ልዩነት ለምታወጣው ብር አይመጥንም፣ የድሮ ሙላርድና ቴሌፉንከን (የቲዩብ ፋብሪካዎች ናቸው) እያሉ የሚጠሩብህን ዋጋ ደግሞ ጭራሽ አትስማ። መቀየር ያለበት አይነቱ ነው። ትዊድ ዴሉክስም የ1959ኙ ቤዝማንም የመጀመሪያው ሶኬታቸው ላይ የነበረው 12ኤዋይ7 ነው እንጂ 12ኤኤክስ7 አይደለም። የ12ኤኤክስ7 የማጉላት ቁጥሩ 100 ነው፣ 5751 ወደ 70፣ 12ኤቲ7 ወደ 60፣ 12ኤዋይ7 ወደ 45፣ 12ኤዩ7 20 አካባቢ፣ እግራቸው አንድ አይነት ስለሆነ ፔዳልህ ውስጥ አውጥተህ መክተት ብቻ ነው። 5751 ወይም 12ኤዋይ7 ብትከት ጌይን ማዞሪያው ሰፋ ይልልሃል፣ ያቺን ሊሰበር ጫፍ ላይ ያለችውን ቦታ በፀጉር ልዩነት ከመፈለግ ትድናለህ፣ ለምትፈልገው ድምፅ እኔ ብሆን 12ኤዋይ7 ነው የምከተው። ድምፁ ቢቀንስ ሌቭሉን ጨምርለት። ከድሮ የሶቪየት መሳሪያ የወጣ 6ኤን2ፒ ያው ነው ብሎ የሚሸጥልህ ካለ ግን እምቢ በል፣ መልኩ ይመሳሰላል እግሩም 9 ነው፣ የማሞቂያው እግር አሰራር ግን ይለያል፣ 6.3 ቮልት ብቻ ነው የሚችለው፣ 12.6 በሚሰጥ ሶኬት ላይ ይቃጠላል።

ስትቀይር ፔዳሉን ከመብራቱ ንቀል፣ ይቀዝቅዝ፣ ከፍተኛ ቮልት ያለው አይነት ከሆነ ካፓሲተሮቹ ከተነቀለም በኋላ ቻርጅ ይይዛሉና ከቲዩቡ በቀር ውስጡ ያለውን ምንም ነገር በጣትህ አትንካ። ቲዩቡን ቀጥ አድርገህ በቀስታ እያወዛወዝክ ሳብ፣ አዲሱን ስትከት በእግሮቹ መሃል ያለውን ሰፊ ክፍተት ከሶኬቱ ክፍተት ጋር አስተያይ፣ እምቢ ካለህ አትጫነው አቅጣጫው ተሳስቷል ማለት ነው። ከዛ አብርተህ ሲሞቅ በእርሳስ ጀርባ ቲዩቡን ቀስ አድርገህ ምታው፣ ጠቅ የምትል ትንሽ ድምፅ ያለ ነው፣ እንደ ደወል የሚጮህና የሚያስተጋባ ከሆነ ግን ያ ቲዩብ ማይክሮፎኒክ (ንዝረትን ወደ ድምፅ የሚቀይር) ስለሆነ ወደሸጠልህ ሰው መልሰው።